ዋሽንግተን ከቦሌ ለምን ትርቃለች? የቢሾፍቱ 400 ሜትርስ ምን ይለውጣል?

በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል ያለው የአየር ርቀት 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በምድር ሉል ላይ ሊሰመር የሚችለው አጭሩ መስመር ነው። ቁጥሩ ለሂያጅም ለመጪም እኩል ነው፤ ጉዞው ግን እኩል አይደለም። ከዋሽንግተን የተነሳው አውሮፕላን 13 ሰዓት ገደማ በርሮ፣ የትም ሳያርፍ ቦሌ ይገባል። ከቦሌ የሚነሳው ደግሞ እንደየበረራው የአየርላንዷን ደብሊንን ወይም የቶጎዋን ሎሜን በመሳሰለ ከተማ ወርዶ ነዳጅ ይሞላል፤ መንገደኛውም ዋሽንግተን የሚደርሰው ከ16 ወይም ከ17 ሰዓት በኋላ ነው። አየር መንገዱ ያው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው፣ አውሮፕላኑም ያው፣ ርቀቱም ያው።

ይህ ልዩነት ከአብራሪዎችና ከመሐንዲሶች ጉዳይነት አልፎ የብዙ ሰው መነጋገሪያ የሆነው ከአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ በተጀመረው ታላቅ ሥራ ምክንያት ነው። ከከተማዋ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በቢሾፍቱ አቅራቢያ በአቡሴራ የሚሠራው አዲስ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ግንባታ በጥር 2018 ዓ.ም. በይፋ ተጀምሯል። ወጪው 12.5 ቢሊዮን ዶላር እንደሚሆን ተገምቷል። የመጀመሪያው ምዕራፍ እ.ኤ.አ. በ2030 ተጠናቅቆ በዓመት 60 ሚሊዮን መንገደኞችን እንዲያስተናግድ ታቅዷል፤ ጠቅላላው ሲያልቅ ቁጥሩ 110 ሚሊዮን ይደርሳል ተብሏል። ከቱሉ ዲምቱ እስከ ዱከም፣ ከዱከም እስከ ቢሾፍቱ ባለው መንገድ ዳር ስለ መሬት ዋጋ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ካሳ ያልተነሳ ወሬ የለም። ከወሬው ሁሉ እኔን የሚይዘኝ ግን «አዲሱ ማረፊያ ሲከፈት አሜሪካ በቀጥታ ይኬዳል» የሚለው ነው። አባባሉ መሠረት አለው። ሆኖም ግማሽ መንገድ ብቻ የሚወስድ እውነት ነው፣ ቀሪውን ግማሽ ደግሞ ይህን ያህል ገንዘብና ይህን ያህል መሬት የሰጠ ሕዝብ ሊያውቀው ይገባል።

ከካርታው እንጀምር። ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያደግንበት የዓለም ካርታ እዚህ ላይ ያሳስታል። በዚያ ካርታ ላይ አዲስ አበባንና ዋሽንግተንን በማስመሪያ ብናገናኝ መስመሩ በቻድ፣ በኒጀር፣ በማሊና በሞሪታኒያ አልፎ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ይወጣል። ምድር ግን ድቡልቡል ናት። በሉል ላይ በሁለቱ ከተሞች መካከል ክር ወጥሮ ያየ ሰው፣ ክሩ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲያቀና ያገኘዋል። በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ ሰማይ ያልፋል፤ ስፔንንና ፖርቱጋልን አቋርጦ ውቅያኖሱ ላይ እስከ 45ኛው ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ድረስ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ዋሽንግተን ቁልቁል የሚጎብጠው። ዋሽንግተን ያለችው በ39ኛው ዲግሪ ላይ ነው። አጭሩ መንገድ ከመነሻውም ከመድረሻውም በስተሰሜን ይሄዳል ማለት ነው።

ስለዚህ ደብሊን ላይ ማረፍ ከመንገድ መውጣት አይደለም። ከአዲስ አበባ ደብሊን 6,365 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከደብሊን ዋሽንግተን ደግሞ 5,465 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲደመር 11,830 ይሆናል፤ ከቀጥታው የሚበልጠው በ270 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ለአንድ ጄት ከግማሽ ሰዓት ያነሰ መንገድ። በሎሜ በኩል ሲሆን ድምሩ ወደ 12,750 ከፍ ይላል። ሆኖም ሎሜ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሸሪክ የሆነው የአስካይ አየር መንገድ መቀመጫ በመሆኗ በዚያ በኩል ማለፍ ከነዳጅ ሌላ የምዕራብ አፍሪካን መንገደኛ ያስገኛል። በሁለቱም መንገድ ዋናውን ዋጋ የሚያስከፍለው የተጨመረው ርቀት ሳይሆን ማረፉ ራሱ ነው። መውረድ፣ ነዳጅ መሙላት፣ የማረፊያ ክፍያ፣ እንደገና ከባዱን አካል ወደ 10 ኪሎ ሜትር ከፍታ ማንሳት፤ ሕፃን አቅፋ ለምትጓዝ እናት ደግሞ እንቅልፍ የሌለው ሌሊት።

እንዲህ ከሆነ ለምን ይቆማል? አውሮፕላኑ ርቀቱን መብረር ስለማይችል ነው ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው፤ ግን አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787-8 በአምራቹ አኃዝ መሠረት ከ13,500 ኪሎ ሜትር በላይ መብረር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የመጣው ኤርባስ ኤ350-900 ከዚያም ይርቃል። ከዋሽንግተን የሚመጣው በረራ በየቀኑ የሚያረጋግጠውም ይህንኑ ነው። ችግሩ ያለው ከመብረሩ በፊት፣ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሲንደረደር ባሉት ጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ነው።

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። ደለስ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ደብሊንም እንዲሁ። በቦሌ ከፍታ ላይ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ፀሐይ በጠነከረችበት ቀትር ጉድለቱ ወደ ሩብ ይጠጋል። ሯጮቻችን ሱሉልታና እንጦጦ ላይ የሚለማመዱት ስስ አየር ደማቸውን ስለሚያጠነክርላቸው ነው፤ ሞተር ግን በልምምድ አይለምድም። ያነሰ አየር የገባበት ሞተር ያነሰ ግፊት ይሰጣል። ክንፉም ያንኑ ክብደት ለማንሳት አውሮፕላኑ መሬት ላይ በበለጠ ፍጥነት እንዲሮጥ ይጠይቃል፣ ከባሕር ጠለል ፍጥነቱ ቢያንስ በ12 በመቶ የበለጠ። በደከመ ግፊት የበለጠ ፍጥነት ላይ ለመድረስ ረጅም መንደርደሪያ ያስፈልጋል። የቦሌ መንደርደሪያዎች 3,700 እና 3,800 ሜትር ገደማ ናቸው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ቢሆኑ ከበቂ በላይ ነበሩ። ጎማዎቹም ቢሆኑ ሊሮጡበት የሚፈቀድላቸው የፍጥነት ጣሪያ አላቸው። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ሕጉ አውሮፕላኑ ሊነሳ ሲል አንድ ሞተር ቢጠፋበት በቀረው አንድ ሞተር ብቻ ከፊቱ ያለውን ኮረብታ በሰላም አልፎ መውጣት እንዲችል ያስገድዳል። እንጦጦና የረር የከተማችን ጌጥ ናቸው፤ ለአብራሪው ግን በስሌቱ ውስጥ የሚገቡ መሰናክሎች ናቸው።

ውጤቱ በቁጥር ሲታይ የበለጠ ግልጽ ይሆናል። የሚከተለው ግርድፍ ስሌት ነው፤ የአየር መንገዱ መሐንዲሶች የሚሠሩት ከዚህ እጅግ የረቀቀውን ነው። ቦይንግ 787-8 ከምድር ሊነሳ የሚችልበት ከፍተኛ ክብደት 228 ቶን ገደማ ነው። ባዶውን፣ ከወንበሩና ከሠራተኞቹ ጋር 120 ቶን ያህል ይመዝናል። 270 መንገደኞች ከነሻንጣቸው 27 ቶን አካባቢ ናቸው። በሰዓት 5 ቶን ገደማ ነዳጅ የሚያቃጥል አውሮፕላን ነፋስ ከፊቱ እየገፋው ወደ ምዕራብ 14 ወይም 15 ሰዓት ለመብረር 75 ቶን ያህል ይፈልጋል፤ ለክፉ ቀን የሚያዘውን መጠባበቂያ ስንጨምር ወደ 80 ቶን ይጠጋል። ደምሩት፤ 227 ቶን። የአውሮፕላኑ ጣሪያ ላይ ደርሰናል። ይህንን ሙሉ ክብደት ባሕር ዳርቻ ያለ ማረፊያ ይቀበለዋል። ቦሌ ግን አይቀበለውም።

በደብሊን በኩል ሲኬድ የመጀመሪያው የበረራ ክፍል 8 ሰዓት ያህል ነው። ነዳጁ ከነመጠባበቂያው ከ50 ቶን በታች ይወርዳል፤ አውሮፕላኑም ከቦሌ ሲነሳ 30 ቶን ያህል ይቀለዋል። ደብሊን ላይ ማረፉ ይህንን 30 ቶን ለመቀነስ የሚከፈል ዋጋ ነው። አማራጩ ነዳጁን ሙሉ ጭኖ መንገደኛውንና ጭነቱን ምድር ላይ መተው ነበር፤ ይህ ደግሞ ንግድ አይሆንም። ሌላም ነገር አለ። በረጅም በረራ ላይ ከሚጫነው ተጨማሪ ነዳጅ ሲሶ ያህሉ የሚቃጠለው የቀረውን ነዳጅ ለመሸከም ነው። ርቀት ሲጨምር ክብደቱ ከርቀቱ ፈጥኖ የሚያድገው በዚህ ምክንያት ነው።

እኔ የምኖረው በከተማዋ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ከቦሌ አራብሳ ብዙም ሳይርቅ ነው። እዚህ ሰፈር ከባዶቹ አውሮፕላኖች የሚሰሙት አመሻሹና ሌሊቱ ላይ ነው። ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሚሄዱት በረራዎች በምሽት የሚነሱበት ዋናው ምክንያት ከአፍሪካ ከተሞች ሲጎርፍ የዋለውን መንገደኛ ለመሰብሰብና መድረሻው ላይ ጠዋት ለመገኘት ነው። ነገር ግን የአዲስ አበባ ሌሊት ቀዝቃዛ መሆኑም ያግዛል። ቀዝቃዛ አየር ወፍራም ነው፤ በዚያው መንደርደሪያ ላይ ከቀትሩ ጥቂት ቶን የበለጠ ያነሳል። የእኛ ጎረቤቶች የሚያማርሩት የሌሊት ድምፅ ለጭነት ክፍሉ ትርፍ ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ የነዋሪው ቅሬታ ግን አዲሱ ማረፊያ ሲታቀድ ጆሮ ሊሰጠው ይገባል፣ ምክንያቱም ድምፁ ከእኛ ጣራ ተነስቶ ወደ ሌላ ሰው ጣራ መሄዱ ነው።

አሁን ወደ ቢሾፍቱ። አዲሱ ማረፊያ ከቦሌ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው የሚሠራው። በዚህ ከፍታ አካባቢ አንድ መቶ ሜትር ዝቅ ማለት የአየሩን እፍጋት በ1 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ስለዚህ ቢሾፍቱ 4 በመቶ የሚሆን ወፍራም አየር ታገኛለች። ይህ ሁሉ በቀጥታ ወደ ክብደት ቢመነዘር 200 ቶን በሚመዝን አውሮፕላን ላይ 8 ቶን፣ ማለትም 80 መንገደኛ ከነሻንጣው ይሆናል። ለአንድ አየር መንገድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በየሌሊቱ በሚነሱ ረጃጅም በረራዎች ሲባዛማ የዓመት ገቢን የሚለውጥ ነው። ነገር ግን ከ30 ቶኑ አጠገብ አስቀምጡት። ከፍታው ብቻውን ክፍተቱን አይሞላውም። የቀረውን መሙላት ያለባቸው የመንደርደሪያው ርዝመት፣ ከፊት ያለው ሜዳ ስፋትና የአውሮፕላኑ ዓይነት ናቸው። ለዚህ ነው ስለ አዲሱ ማረፊያ ሲነገር ስለ ተርሚናሉ ውበት ከምንሰማው እኩል ስለ መንደርደሪያዎቹ ርዝመት ልንጠይቅ የሚገባን። ያማረ ጣሪያ አውሮፕላን አያነሳም።

ጎረቤቶቻችን ምን ማድረግ እንደሚቻል አሳይተዋል። የናይሮቢ ጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ መንደርደሪያው ግን ከ4,100 ሜትር ይበልጣል። ኬንያ ኤርዌይስ ከጥቅምት ወር እ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ ከዚያ ተነስቶ በዚያው በ787-8 ኒው ዮርክ ድረስ ያለ ማረፊያ በርሯል፤ ርቀቱ ከእኛው የዋሽንግተን መንገድ ይበልጣል። ጆሃንስበርግ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ሆና በ4,400 ሜትር መንደርደሪያዋ ከ12,800 ኪሎ ሜትር በላይ ወደሚርቀው ኒውዋርክ በቀጥታ ታስነሳለች። ቢሾፍቱ ከሁለቱም ከፍ ትላለች፣ ግን ከቦሌ ይልቅ ለእነርሱ ትቀርባለች። ረጅም መንደርደሪያ ካገኘችና እንደ ኤ350 ያሉት ጠንካራ አውሮፕላኖች ከተመደቡላት ዋሽንግተንን በቀጥታ መድረስ የሚቻል ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። አየር መንገዱ የመጀመሪያውን ኤ350-1000 እ.ኤ.አ. በ2024 መረከቡና በዚያው ዓመት ቦይንግ 777-9 ማዘዙ ይህንኑ አቅጣጫ ያመለክታል። ከዋሽንግተን የሚርቁት የምዕራብ አሜሪካ ከተሞች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ ለእነርሱ ቢሾፍቱም ብትሆን ሙሉ አውሮፕላን ማስነሳት ይከብዳታል።

ከመሬቱ ሌላ ሰማዩም አለ። ከላይ የተወጠረው ክር የሚያልፍባቸው አገሮች ሁሉ ሰላም አይደሉም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሳ የአገሪቱ ሰማይ ለሲቪል በረራ ተዘጋ፤ ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ የሚሄደው መንገድ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቀይ ባሕር በኩል ተገፋ። ሊቢያንም ብዙ አየር መንገዶች ለዓመታት ሸሽተዋታል። ከኤርትራ ጋር በነበረው ጦርነት ምክንያትም በሁለቱ አገሮች መካከል ለ20 ዓመታት በረራ አልነበረም፤ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውሮፕላን አስመራ ሲያርፍ ያለቀሱትን ሰዎች የምናስታውሳቸው ነን። የጎረቤት ሰላም በነዳጅ ይለካል። ሱዳን ውስጥ ተኩስ ቢቆም የሚቆጠበው ነዳጅ ቢሾፍቱ ላይ በቢሊዮኖች ዶላር ከሚገዛው ጋር አብሮ የሚቆጠር ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ለሱዳን ሕዝብ ሲባል ይቁም። የአትላንቲክ ነፋስም ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እንደነፈሰ ይኖራል። ከአዲስ አበባ የሚሄደው ሁልጊዜ ከሚመጣው ይልቅ ሰዓት ይፈጅበታል፤ የትኛውም ግንባታ ይህንን አይለውጠውም።

አውሮፕላን ማረፊያችን በአውሮፕላን ምክንያት ሲዛወር ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሚያዝያ ወር እ.ኤ.አ. 1946 በሲ-47 አውሮፕላን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ የከተማዋ ማረፊያ ልደታ ነበር። የጄት ዘመን መጥቶ ቦይንግ 720 ሲታዘዝ ልደታ አልበቃ አለ፤ ቦሌ የተሠራው ለዚያ ነው፤ ጄቶቹም እ.ኤ.አ. በ1962 መጨረሻ ገቡ። ዛሬ «አሮጌው ኤርፖርት» የምንለው ሰፈር የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። ያን ጊዜ ቦሌ ከከተማው ወጣ ያለ ሜዳ ነበር። አሁን ከተማው ውጦታል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተጠናቀቀው ማስፋፊያ አቅሙን በዓመት ወደ 22 ሚሊዮን መንገደኞች ቢያደርሰውም ከዚያ ወዲያ የሚሰፋበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ወደ ቢሾፍቱ የሚወስደው ምክንያት ዋሽንግተን ብቻ አይደለችም፤ የቦታ ጥበቱ ብቻውን በቂ ነበር። ከፍታው ተጨማሪ ስጦታ ነው።

ቢሾፍቱ ለአውሮፕላን እንግዳ አይደለችም፤ የአየር ኃይላችን መናኸሪያ ሆና ኖራለች። ገበሬዋ ግን እስካሁን የኖረው በጤፍ ነው። የአድኣ ማኛ ጤፍ አዲስ አበባ ገበያ ላይ ስሙ ብቻ ዋጋ የሚያወጣ እህል ነው። ለአቡሴራ ግንባታ በሺዎች የሚቆጠሩ የገበሬ ቤተሰቦች ከመሬታቸው ይነሳሉ። ምትክ ቤትና ካሳ ተዘጋጅቶላቸዋል ተብሏል። ካሳ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ገንዘብ ነው፤ ጥቁር አፈር ደግሞ በየዓመቱ የሚሰጥ። ለ8 ቶኑ ጥቅም ሒሳብ የሚሠራ ሁሉ ይህንንም በዚያው ወረቀት ላይ ሊጽፈው ይገባል። እነዚህ ሰዎች በማረፊያው ዘላቂ ሥራና ድርሻ ካላገኙ፣ በቀጥታ ዋሽንግተን የሚደርሰው መንገደኛ ጉዞ ያጠረለት በእነርሱ ኪሳራ ይሆናል።

ለአዲስ አበባ ነዋሪ ደግሞ የየብሱ ርቀት አለ። ዛሬ ከመገናኛ ቦሌ የሚደርስ ሰው ነገ 40 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከቱሉ ዲምቱ የሚነሳው የአዳማ የፍጥነት መንገድ መኪና ካልበዛበት መንገዱ አጭር ነው፤ ከከተማው መሐል እስከ ቱሉ ዲምቱ በቃሊቲ በኩል ያለው መጨናነቅ ግን ያንን ትርፍ ይበላዋል። አብዛኛው የአየር መንገዱ ዓለም አቀፍ መንገደኛ ትራንዚት ስለሆነና ከማረፊያው ግቢ ስለማይወጣ ጉዳዩ እርሱን አይነካውም። የሚነካው ከአያት፣ ከጀሞ፣ ከሽሮ ሜዳ ዘመድ ሊሸኝ የሚሄደውን ነው። ከደብሊን የተቆጠበው ሰዓት ቃሊቲ ላይ እንዳይጠፋ ከተማውን ከማረፊያው የሚያገናኘው ፈጣን የባቡር መስመር ከመንደርደሪያው እኩል ማለቅ አለበት፤ ከመንደርደሪያው በኋላ ይደርሳል ተብሎ የሚተው ሥራ መሆን የለበትም።